ከሥር የሚሰማ የዶማ ድምፅ

ሊፍት ሠሪው የዳኛውን ቤት ደወል ከመንካቱ በፊት ጣቶቹን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። በሳሙና ታሽተው፣ በሎሚ ተፈትገው፣ አሁንም ግራሶ ግራሶ ይላሉ።

"እጅህን ማን ሊያሸትህ ነው?" ብሎት ነበር ጠዋት ብሎን። ብሎን የሥራ ጓደኛው ነው። አጭር፣ ድፍን ያለ፣ አንዴ የያዘውን ነገር የማይለቅ በመሆኑ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ እናቱ ያወጣችለትን ስም ረስቶታል። "እዚያ ቤት የሚሸተተው ጭንቅላት ነው። ስማኝማ፤ አንዱ አንድ ነገር ሲል ቀስ ብለህ ራስህን ነቅንቅና 'እኔም እዚያ ላይ ቆም ብዬ ነበር' በል። ከዚያ ሻይህን ፉት አድርግ። ምሁርነት ሌላ ምን መሰለህ?"

"ከጠየቁኝስ?"

"ሲጠይቁህ ሳል።"

በብብቱ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ወፍራም መጽሐፍ ይዟል። የዛሬው ውይይት በዚህ መጽሐፍ ላይ ነው። እሱ ደግሞ አንዲት ገጽ አላነበበም።

ነገሩ እንዲሁ የወሬ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ አሞኛል ብሎ በቀረ። ግን አልነበረም። በሳምንቱ መጀመሪያ ላይ የዳኛው ልጅ በምትሠራበት ሕንፃ ደረጃ ላይ አጠገቡ ቆማ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ለአባዬ ነገርኩት" ብላው ነበር።

"ምን አለ?"

"'ሊፍት ነው የሚጠግነው' ስለው ዝም አለ። የአባዬን ዝምታ አታውቀውም፤ ሰው እስር ቤት ሲያስገባ የኖረ ዝምታ ነው። በኋላ 'መጽሐፍ ያነባል' ስለው መነጽሩን አወለቀ። 'እንግዲያው ቅዳሜ ከእኛ ጋር ይቀመጥ፤ ባነበበው በኩል ሰውየውን አየዋለሁ' አለ። አንድ ከሰዓት ነው የሰጠን። አባዬን አውቀዋለሁ፣ ሁለተኛ አይሰጥም።" ቀና ብላ አየችው። "መጽሐፉ ደግሞ ያ ነው፣ ያኔ ሊፍት ውስጥ ይዤው የነበረው። አንብበኸዋል አይደል?"

"አንብቤዋለሁ" አላት።

ውሸት ነበር። ለእሱ ግን ውሸት ውሸት አላለውም።

የተዋወቁት በጨለማ ነው። መብራት ጠፍቶ ሊፍቱ በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ቀጥ ባለበት ቀን፣ እሱ ከላይ፣ ጣሪያው ላይ ተንበርክኮ በመፍቻ ሲታገል፣ እሷ ከሥር ብቻዋን ነበረች።

"አለህ?" አለች፣ ድምፅ ብቻ ሆና።

"አለሁ።"

"እንዳትሄድ። ዝም ስትል የሄድክ ይመስለኛል። የሆነ ነገር አውራልኝ።"

"እህቴ፣ እኔ ካወራሁ እጄ ሥራውን ይረሳል። አንቺ አውሪ፣ እኔ ልስማ።"

"ምን ላውራ?"

"ደስ ያለሽን።"

"መጽሐፍ ይዣለሁ" አለች። "እያነበብኩት ያለሁትን ልንገርህ?"

ነገረችው። እሱ እየመታ፣ እየፈታ፣ አንዳንዴም መፍታቱን ረስቶ ሰማ። በዕድሜው እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም። በሩ ተፈልቅቆ ሲከፈት፣ ፀጉሯ በላብ ግንባሯ ላይ ተለጥፎ ብቅ ያለችው ልጅ ልክ ድምፅዋን ትመስል ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ "ሦስት ተኩል" ነው የሚላት፤ በሦስትና በአራት መካከል ስላገኛት።

መጽሐፉን ወዲያው ፈልጎ ገዛው፤ መግዛቱንም ነገራት። ግን ማታ ማታ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ሊገልጠው ሲል ጣቱ እምቢ ይለዋል። አሁን ከገለጥኩት፣ ይላል ለራሱ፣ በእሷ ድምፅ የሰማሁትን የሌላ ሰው ድምፅ ይሸፍንብኛል። መልሶ ከትራሱ አጠገብ ያስቀምጠዋል። ደግሞስ ምን ቀረኝ? ታሪኩን ከአፏ ሰምቼዋለሁ። ከመስማትና ከማንበብ የትኛው ይበልጣል?

አንድ ነገር ብቻ ግራ ይገባው ነበር። ስለ መጽሐፍ በተነሳ ቁጥር ሦስት ተኩል ዓይኗን ትሰብርና ወዲያው መልሳ ሰረቅ አድርጋ ታየዋለች። አንድ ቀን እንዲያውም እጁን ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ "ስላላነሳህብኝ አመሰግንሃለሁ" አለችው። ምኑን እንዳላነሳባት አላወቀም። ጨዋ ለመሆን ያህል "ኧረ ምንም አይደል" አላት። ዓይኗ እንባ ሞላ። "ኧረ ምንም አይደል" በሚል ቃል የሴት ልጅ ዓይን ለምን እንደሚሞላ ሲያሰላስል ከረመ፤ አልደረሰበትም። ደስታው ግን ከግራ መጋባቱ ይበልጥ ነበር።

*

በሩን የከፈተችለት እሷ ናት። ምንም አላለችም። የሸሚዙን ኮሌታ በሁለት ጣቷ አስተካክላ፣ ፊት ፊቱ እየመራች ወደ ውስጥ ገባች።

ክፍሉ ውስጥ እግሩን ሲያሳርፍ አንገቱ በራሱ ወደ ላይ ሄደ። ከወለል እስከ ጣሪያ መጽሐፍ ነው። እሱ የሰውን ሕንፃ የሚያውቀው ከውስጥ፣ ከሕንፃው ሆድ ነው፤ ገመዱን፣ ሐዲዱን፣ አቧራውን። እንዲህ ያለ ግድግዳ ግን አይቶ አያውቅም። መጻሕፍቱ ጀርባቸውን ሰጥተውት የቆሙ ሰዎች መሰሉት፤ አንዱን በስሙ ቢጠራው ዞር የሚል።

"ተቀመጥ ልጄ" አሉ ዳኛው። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ጡረታ ቢወጡም ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ ችሎት የተሰየመ ይመስላል። "በጋዜጣ የጠቀለልከው መጽሐፉን ነው?"

"አዎ ጋሼ። እንዳይቆሽሽ ብዬ።"

"መልካም ልማድ ነው።"

ሦስት ተኩል ሻይ እያቀረበች በጎን ፈገግ አለችለት። በአንዲት ቃል ሁለቱም ግማሽ መንገድ የሄዱ መሰላቸው።

ሌሎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛዋ የሦስት ተኩል አክስት ስትሆን ፋርማሲስት ናት፤ የሐኪም ጽሑፍ ስታነብ ስለኖረች በዓለም ላይ የማታነበው ነገር የለም ተብሎ ይቀለድባታል። ሁለተኛው በጡረታ ላይ ያሉ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ማንኛውም ልብ ወለድ ውስጥ መጀመሪያ የሚፈልጉት ወንዙ ወዴት እንደሚፈስ ነው።

"ለእንግዳችን ሕጋችንን ልንገረው" አሉ ዳኛው። "እዚህ ቤት መጽሐፉ ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው የለም። እያንዳንዱ ሰው አላስችል ብሎት ገጹን አጥፎ የተነሳበትን፣ በክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ያለበትን ቦታ ብቻ ይናገራል። ማጠፊያ እንለዋለን። ሰው ስለ መጽሐፍ ብዙ ሊዋሽ ይችላል። የት ላይ እንደተነሳ ግን መዋሸት ይከብደዋል።"

ሊፍት ሠሪው ሻዩን ፉት አለ።

መምህሩ ጀመሩ። እሳቸው የተነሱት ሁለቱ ወንድማማቾች የአባታቸውን ቤት ወለል በጠመኔ ለሁለት ያካፈሉበት ላይ ነው። "መስመሯ በእናትየዋ አልጋ ሥር አለፈች እኮ!" አሉ መምህሩ። "እናት አንድ ጎኗ በአንድ አገር፣ አንድ ጎኗ በሌላ አገር ሆና ተኛች! ስንት ዘመን ካርታ አስተምሬ ድንበር ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።"

አክስትየዋ ቀጠለች። እሷ ደግሞ የታላቅየው ሚስት በሩን ከነመቃኑ ነቅላ የሸጠችበት ጊዜ ነው የተነሳችው። "በር የሌለው ቤት ሲያስቡት፣ ማን ከማን ይጠብቀዋል? ተነስቼ ሄጄ የራሴን በር ነካሁት፣ እውነቴን ነው።"

"እኔም እዚያ ላይ ቆም ብዬ ነበር" አለ ሊፍት ሠሪው፣ ራሱን እየነቀነቀ።

"አየህ!" አለች አክስትየዋ፣ ደስ ብሏት።

በልቡ ግን ይጠይቃል። ምን ወንድማማች? የምን ጠመኔ? ምናልባት፣ አለ ለራሱ፣ እሷ የነገረችኝ ቆፋሪ ወንድም ይኖረው ይሆናል። ምናልባት ይህ ኋላ የሚመጣ ነው።

ዳኛው በተራቸው ተናገሩ። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ዳኛ በወንድማማቾቹ ላይ ከመፍረዱ በፊት መነጽሩን የሚያወልቅበት ቦታ አለ፤ ፊታቸው እንዳይታየው። "እኔም እንዲሁ አደርግ ነበር" አሉ። "ማንም አያውቅም ነበር። ያ ደራሲ ግን ከየት እንዳወቀ አላውቅም።"

ሊፍት ሠሪው ሲኒውን አስቀመጠ። እነዚህ ሰዎች ስላልተወለዱ ሰዎች እንደ ጎረቤት ያወራሉ። እንዲህ ያለ የጠለቀ ነገር በፀጥታ ሲነገር፣ ሰው ሽማግሌነቱን ትቶ ለወረቀት ልቡን ሲከፍት አይቶ አያውቅም። የብሎን ምክር አሳፈረው። ዳኛው ወደ እሱ ዞረው "አንተስ ልጄ?" ሲሉት፣ 'እኔም እንደ እርስዎ' ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። ግን በሕይወቱ አንድ ነገር ብቻ ነው እንደዚህ የወደደው። እሱን መደበቅ አቃተው።

"እኔ የተነሳሁት ቆፋሪው ጋ ነው" አለ።

ሦስት ተኩል እጅ ላይ ያለው ሲኒ ከማስቀመጫው ጋር ተጋጨ።

"ማ ጋ?" አለች አክስትየዋ።

"የጉድጓድ ቆፋሪው ጋ። ሰፈሩ በሙሉ ትቶት ሄዶ፣ ብቻውን በዚያ ደረቅ መሬት ውሃ የሚፈልገው። ይቆፍራል፣ አፈሩን በባልዲ ያወጣል። ሰማዩ በላዩ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ የሸሚዝ ቁልፍ ያክላል።"

"አባዬ፣ ሻይ ልጨምርልህ?" አለች ሦስት ተኩል ፈጠን ብላ። ዓይኗ ሊፍት ሠሪው ላይ ነው፤ ይለምነዋል። እሱ ግን ታሪኩ እንደ እሱ አንጀቷን የበላት መሰለው።

"አንድ ቀን ይደክመውና ዶማውን ያቆማል። እሱ ቢያቆምም ድምፁ አልቆመም። ከእግሩ ሥር፣ ከምድር ውስጥ ጥ... ጥ... ይላል። መጀመሪያ የገደል ማሚቶ ነው ብሎ ነበር። ማሚቶ ግን ተከትሎ ነው የሚመጣው፤ ይሄ ቀድሞት ይመታል። ያኔ ይገባዋል። ከሥሩ ሌላ ሰው አለ። ወደ እሱ፣ ወደ ላይ የሚቆፍር።"

መምህሩ መጽሐፋቸውን መግለጥ ጀምረው ነበር፤ ጣታቸው በመካከል ቆመ።

"ሴት ናት። እሷም ውሃ ፍለጋ ነው የምትቆፍረው፤ ለእሷ ግን ውሃው ያለው ከላይ ነው። የእኛ መሬት ለእሷ ጣሪያ ነው። 'እናንተ ጋ ሰማይ የሚባል አለ ይላሉ፣ እውነት ነው?' ትለዋለች። ሰማይ ላላየ ሰው እንዴት ይነገራል? ቢያስብ ቢያስብ ቃል ያጣል። በመጨረሻ 'ስትጠሪው የማይመልስ ጉድጓድ ነው' ይላታል። እንዲህ እያወሩ አፈሩ ይሳሳል። ሊገናኙ ነው። ያኔ ቆፋሪው ቀስ ማለት ይጀምራል። ድምፅዋን ወዷላ! አፈሩ ከተናደ ታየዋለች። ፊቱ ጭቃ፣ እጁ ጭቃ። ብትጠላውስ? ቀን የቆፈረውን ማታ መልሶ ይሞላል። እኔ... መቀመጥ ያቃተኝ እዚያ ላይ ነው።"

መምህሩ ገጾቹን እስከ መጨረሻው ገላለጡ።

"የት ገጽ ላይ ነው?" አለች አክስትየዋ፣ በቀስታ።

"እኔ ባለኝ እትም ውስጥ የለም" አሉ መምህሩ።

"በማንም እትም የለም" አሉ ዳኛው። "ይህ መጽሐፍ ስለ ሁለት ወንድማማቾችና ስለ አንድ ቤት ነው። አንድም ጉድጓድ የለበትም።" እጃቸውን ዘረጉ። "እስቲ የያዝከውን ስጠኝ።"

ጋዜጣውን ፈቱና ከፈቱት። የመጽሐፉ ጀርባ ቀጭ ብሎ ጮኸ፣ አዲስ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት እንደሚጮኸው። ገጾቹ ጫፍ ለጫፍ እንደተጣበቁ ናቸው።

"ልጄ፣ ይህን መጽሐፍ ከፍተኸው ታውቃለህ?"

ብሎን ሳል ብሎት ነበር። ሳሉም እምቢ አለው።

"አላውቅም ጋሼ።"

"'አንብቤዋለሁ' ግን ብለሃል።"

"ብያለሁ።" ተነስቶ ቆመ። "የሰማሁትን ያነበብኩት መስሎኝ ነው። ሊፍቱ ውስጥ የነገረችኝ ልጅዎ ናት። ልከፍተው ስል ድምፅዋ እንዳይጠፋብኝ እፈራ ነበር። ታሪኩን ያበላሸሁት፣ ከሌላ ጋር ያደባለቅሁት እኔ እሆናለሁ። እሷ ላይ እንዳይፈርዱ። እሷ አንባቢ ነው ያለችው እኔ ስለዋሸኋት ነው።" ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ሦስት ተኩልን ለማየት አቅም አጣ። የተሰጣቸውን አንድ ከሰዓት በገዛ አፉ አፍርሶታል። ወደ በሩ ዞረ።

"አላበላሸኸውም" አለች ከኋላው።

ያን ድምፅ ያውቀዋል። በጨለማ የሰማው ድምፅ ነው።

"አንዲት ቃል አላበላሸህም። 'ስትጠሪው የማይመልስ ጉድጓድ' ያልኩትንማ እኔ ራሴ ረስቼው ነበር።"

"ልጄ?" አሉ ዳኛው።

"መጽሐፉ ውስጥ የለም አባዬ። የትም የለም።" ሲኒውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "ጥቂት ገጽ ነበር ያነበብኩት። በጨለማ ውስጥ ለማላውቀው ሰው ስለ ቤት ጠብ ምን ልንገረው? ዝም ካልኩ ይሄዳል ብዬ ፈራሁ። ከላይ መፍቻው ጥ... ጥ... ይላል። ከዚያ ድምፅ ተነሳሁ። አንዱን ስናገር ሌላው ይመጣል፤ ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። 'መጽሐፍ ነው' ያልኩት የራሴ ነው ብዬ ብናገር የሚስቅብኝ መስሎኝ ነው።"

ከዚያ ወደ ሊፍት ሠሪው ዞረች። እንባዋና ሳቋ ተደባለቀ።

"አንተ ደግሞ! መጽሐፉን ገዛሁት ስትለኝ፣ አንብቦ ውሸቴን አውቆታል፣ እንዳላፍር ብሎ ነው ዝም ያለኝ ብዬ... በዓለም ላይ እንዳንተ ያለ ጨዋ የለም ብዬ ስንት ቀን አለቀስኩ መሰለህ! ለካ ጌታው አልከፈተውም!"

"ወይ ጉድ!" አለች አክስትየዋ፣ ደረቷን ይዛ። "አንዱ ያላነበበውን፣ አንዷ ያልተጻፈውን!"

ማንም ግን አልሳቀም። ሊፍት ሠሪው በሩን ተደግፎ ቆመ። ያን ነገር የጻፈው አንድ ትልቅ ሰው ነው ብሎ ያስብ ነበር፤ ሩቅ አገር ያለ፣ ምናልባትም የሞተ። ለካ ታሪኩ ከእሱ ጉልበት ሥር፣ በቀጭን ብረት ማዶ፣ ቃል በቃል ሲወለድ ኖሯል። የገዛ መፍቻው ድምፅ ውስጡ አለ። ሰማዩን የሠራችው ይህች ልጅ ናት፣ ኮሌታውን ያስተካከለችለት፣ ሻይ ያቀረበችለት። እስከዛሬ በመካከላቸው ያለው ርቀት የቤቱ፣ የአባትየው፣ የእነዚህ ሁሉ መጻሕፍት መስሎት ነበር። አሁን ሲያያት ርቀቱ ሌላ ሆነበት። ፈራት። የሚያሸሽ ፍርሃት አልነበረም፤ ድምፅን ዝቅ፣ እግርን ቀስ የሚያሰኝ ፍርሃት እንጂ።

ዳኛው ዝም ብለዋል። የታወቀው ዝምታቸው ነው። ሁሉም ፍርዱን ጠበቀ።

"አንተ" አሉ በመጨረሻ፣ በሩ ላይ ወደቆመው ሰው ሳያዩ። "ተቀመጥ። ሰው እየተናገረ ተነስቶ አይወጣም።"

ተመልሶ ተቀመጠ።

"እኔ በዚህ ወንበር ላይ" አሉ ወደ ልጃቸው፣ ድምፃቸው የዳኛ ድምፅ አልነበረም፣ "ይሄን ሁሉ ዘመን የሰው መጽሐፍ ስገልጥ፣ አንቺ በዚያ በር ሻይ ይዘሽ ስትገቢ ስትወጪ..." ቃሉ አልሞላ አላቸው። አዲሱን መጽሐፍ ዘግተው ወደ ጎን ገፉት። "ማንም ሳያውቅ፣ ይሄ ሰው ሰማሽ። አንዲት ቃል ሳይጥል ይዞሽ መጣ።" ሊፍት ሠሪውን ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ልጃቸው ሳብ አድርገው፣ ጠይቀው የማያውቁትን ጠየቁ፦

"ከዚያስ? ቆፋሪው ምን ሆነ?"

"አላውቅም አባዬ። እዚያው ነው የቆመው።"

"አሁን ቢቀጥልስ?"

ሦስት ተኩል መሃል ክፍሉ ውስጥ ቆመች። ሊፍት ሠሪው አንገቱን ደፍቶ ነበር።

"ቀና በል" አለችው። "ፊትህን እያየሁ ነው የምናገረው።"

ቀና አለ። መምህሩ መጽሐፋቸውን ከደኑ፣ አክስትየዋ መነጽሯን አወለቀች። በዚያ ሁሉ መጽሐፍ መካከል የሚመጣውን ያነበበ አንድም ሰው አልነበረም፤ ዳኛውም እንደ ሊፍት ሠሪው ባዶ እጃቸውን ተቀምጠዋል። እሷ ከንፈሯን ከፈተች። እሱም ዓይኑን ሳይነቅል፣ ትንፋሹን ይዞ ጠበቃት። ፍቅር ሰውን እንዲህ ትንሽ አድርጎ፣ ትንሽ በመሆኑም እንዲህ ሊያስደስተው እንደሚችል እስከዛሬ የነገረው አልነበረም።